በአሮጌው ሐዲድ ጎን እስከ ደምሰው ግንብ

ካዛንቺስ፣ ጠዋት

ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው። በእኔ ዕድሜ ከካዛንቺስ ተነሥቶ በብስክሌት ዱከም ድረስ የሚሄድ ሰው ወይ አብዷል ወይ ተናዷል። ባለቤቴ ሁለቱንም ነህ ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው ነጠላ መልበስ አለበት፤ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነጠላ ከለበሰ ደግሞ ሰንሰለቱ ይበላበታል። ስለዚህ ነጠላዬን አጣጥፌ በፌስታል ከኮርቻው ኋላ አሰርኩት። ሄልሜቴን አጥልቄ በመስታወት ራሴን ሳየው በተቀቀለ እንቁላል ላይ ሌላ እንቁላል የደፉበት ይመስላል።

የጉዞው ምክንያት ይህ ነው። የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ እኛ የቂርቆስና የካዛንቺስ ብስክሌተኞች ከአቃቂ ጀምሮ በሐዲዱ ጎን ያለችውን ደልዳላ መሬት ጠርገን፣ እሾኋን ነቅለን፣ የጎደጎደውን በጠጠር ሞልተን የብስክሌት መንገድ አድርገናታል። ጥሩምባ የለ፣ ጭስ የለ፤ በጤፍና በምስር መሐል ነው የሚነዳው። ዘንድሮ መንገዷን እስከ ዱከም፣ ከዚያም እስከ ቢሾፍቱ እንቀጥላት ብለን ተነሣን። ዱከም ሳይደረስ ግን አንድ ግንብ አለ። ሐዲዱን አቋርጦ የተሠራ፣ ብሎኬት የሚመረትበት ግቢ ነው። ሐዲዱ ከግንቡ ሥር ይገባና በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ሰው ግን አያልፍም። ብስክሌተኛው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ፣ ከገልባጭ መኪኖች ጋር እየተጋፋ ግቢውን ዞሮ ይመለሳል። ጎረቤቴ ጌታሁን እንዲህ ሲዞር ነው ከዚያው ግቢ አሸዋ አራግፎ የወጣ ገልባጭ የገጨው። መንገዷን የመጥረግ ሐሳብ የእሱ ነበር፤ ይኸው እግሩ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ጣሪያ እያየ ተኝቷል።

ግቢው የባዕድ ቢሆን እንዲህ ባልተቃጠልኩ። የደምሰው ነው! የካዛንቺሱ ደምሰው፣ አብሮኝ የጨርቅ ኳስ ሲያሳድድ ያደገው። ማኅበራችን አቤት ብሎ ነበር፤ የሚመለከተው ክፍል ወደ ሌላ የሚመለከተው ክፍል መራን፤ እንዲህ እየተመራን የቀረን የማይመለከተው ክፍል ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስለ አስተዋይነቴ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ለካስ ስለ ጺሜ ነው።

ከባምቢስ እስከ ጎተራ

ከባምቢስ ወደ መስቀል አደባባይ ስወርድ መንገዱ የለም። ተቆፍሯል። ለአዲሱ የከተማ ባቡር ነው አሉ። ባቡር ይምጣ፣ እሰየው! ግን ያለውን ሐዲድ ለግንብ መሠረት ሰጥቶ ለሌላ ሐዲድ ከተማውን የሚያርስ ሰው ምን ይባላል? የሚባለውን እያልኩ፣ አቧራውን እየዋጥኩ፣ ብስክሌቴን ተሸክሜ ቦዩን ተሻገርኩና በቦሌ መንገድ ወደ ወሎ ሰፈር ዞርኩ።

ወሎ ሰፈር ላይ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ወጥቶ፣ «ፋዘር፣ ግባ በቃ! ሳይክሏን ላይ እንጭናታለን!» አለኝ።

«አንተ ሳትወለድ ይህን መንገድ በአንድ እጄ እነዳው ነበር!» አልኩት።

ውሸቴን ነው። ያኔም እየገፋሁ ነበር የምሄደው።

ጎተራ ሸምሱ እየጠበቀኝ ነው። ሸምሱ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ አሁን ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ብስክሌት ላይ የወጣ ወዳጄ ነው። ወጉ ሽማግሌ ሦስት እንዲሆን ያዛል፤ ሦስተኛችን ጌታሁን ነበር የሚሆነው።

«አርፍደሃል» አለኝ።

«መንገዱን ቆፍረውት።»

«እኔንስ በአየር አመጡኝ? ና ወደፊት፣ ወላሂ ፀሐይ ሳይበረታ ካልደረስን አንተን መሸከም ሊኖርብኝ ነው።»

አቃቂ፣ ከሐዲዱ ጎን

ሳሪስንና ቃሊቲን እንዴት እንዳለፍን አልጽፍም፤ የሰደብኩትን ሾፌር ሁሉ መጥቀስ ይሆንብኛል። አቃቂ ደርሰን ወደ ሐዲዱ ስንወርድ ግን ጆሮዬ ጸጥ አለ። ምስሩ አብቧል። የዛገው ሐዲድ በስተግራችን እየተንሸራተተ፣ ጠጠሯ ከጎማችን ሥር እየተንኮሻኮሸች ቀጠልን። አንዳንድ ቦታ ሐዲዱን የያዙት ብሎኖች ተፈትተው ተወስደዋል። ወደ አቃቂ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ከነሸክማቸው በእኛ መንገድ ይመጣሉ፤ አንዷ፣ «ይህን መንገድ የጠረጋችሁት እናንተ ናችሁ? ተባረኩ፣ እሾህ ገላግላችሁናል» አለችን። ሸምሱ ከኩራቱ ብዛት ቦይ ውስጥ ሊገባ ነበር። እኔም ለግማሽ ሰዓት ያህል መናደዴን ረሳሁ።

ግንቡ እስኪመጣ።

ግንቡ ሥር

እዚያ ቆሞ ያላየው ሰው አይናደድም። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና እንደ ተቆረጠ ክር ብሎኬት ውስጥ ይጠፋል። ግንቡ ጥግ ላይ ጫልቱ የምትባል ሴት በላስቲክ ዳስ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ሻይ ሦስት ብር፣ ፓስቲ ሁለት ብር፤ ፓስቲዋ ትኩስ ነች፣ ለጥርሴም አትከብድም።

«ቤትሽ የት ነው?» አልኳት።

በአገጯ ግንቡን አሳየችኝ። «ከዚህ ጀርባ ነው፣ አባባ። ድምፅ ባሰማ ልጆቼ ይሰሙኛል። ለመሄድ ግን በአስፋልቱ መዞር ነው።»

«ልጆቹስ ትምህርት ቤት?»

«ትምህርት ቤቱ በዚህ በኩል ነው። በአስፋልቱ ዳር ይመጣሉ። ጠዋት መጥተው እዚህ እስካያቸው ድረስ እጄ ሥራ አይዝም። ያ ብስክሌት የሚነዳው ሰውዬ ሲገጭ እኔ ነበርኩ ውኃ ያጠጣሁት። ዳነ?»

«አለ» አላት ሸምሱ።

ሻዬን አስቀመጥኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የመጣሁት ለእኛ መንገድ ነው ብዬ ነበር። ነጠላዬን ከፌስታሉ አውጥቼ ለበስኩ። ቅባት ነክቶት ነበር፤ ቅባት የነካውን በኩል ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ደምሰው ግቢ

ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ልንገር። ለሽምግልና የሄደ ሰው እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ የቀረበለትን አይቀምስም። ጉልበቱ ያለው ከንግግሩ ይልቅ መቆሙ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞበት የማያፍር ሰው ጥቂት ነው። ደምሰውም ይህን ያውቃል። አባቱ የሰፈር አስታራቂ ነበሩ።

«እንዴ! አያሌው! ሸምሱ! ምን እግር ጣላችሁ?»

«እግርማ የት አለን፣ ጎማ ነው የጣለን» አልኩት።

አቅፎ ሳመን። ወፍሯል። ወዲያው ሦስት የፕላስቲክ ወንበር አስመጣና ጥላ ሥር አስቀመጠ። «አረፍ በሉ እንጂ!»

«ጉዳያችንን ሳትሰማ አንቀመጥም» አለ ሸምሱ።

«እሰማለሁ፣ ምን ቸገረኝ?» አለና ስለ ልጆቹ ጀመረ። ከዚያ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ። ከዚያ ስልክ ተደወለለት። ከዚያ ስለ ካዛንቺስ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ቤት እንደፈረሰ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመናል። እኔ ከካዛንቺስ ድረስ ፔዳል የመታሁበት ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው፤ ነጠላዬ እንደ ባንዲራ ይርገበገባል። ደምሰው አየው። አይቶ ስለ ኩላሊቱ ያወራኝ ጀመር።

ተቀመጥኩ። ልቀመጥ ብዬ አልነበረም፤ ወንበሩ ከኋላዬ መጣ። ሸምሱ ያየኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ስቀመጥ ምግቡ ከተፍ አለ። ለእኔ ጥብስ፣ ለሸምሱ ደግሞ የእኛን ሥጋ እንደማይበላ አስታውሶ እንቁላል። አለመርሳቱ ራሱ አናደደኝ፤ ልማዳችንን ሁሉ ያስታውሳል፣ የሚረሳው ሰው የሚያልፍበትን ብቻ ነው! ሸምሱ ንቅንቅ አላለም። እኔ፣ «ደምሰው፣ የመጣነው ስለ ግንቡ...» ብዬ አፌን ስከፍት ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጨመረበት። ስንት ሽምግልና አይቻለሁ፤ በሥጋ አፉን የተለጎመ ሽማግሌ ግን እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

እኔ ጉርሻውን ሳላምጥ ሸምሱ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ መንገዷ፣ ስለ ጌታሁን፣ ስለ ሕፃናቱ። ደምሰው እጁን ታጠበ።

«ግንቡን አላፈርስም፣ ሸምሱ። ንብረቴ ይዘረፋል። ስለ ጌታሁን አዝኛለሁ። ግን ገልባጩን እኔ ነዳሁት?»

ይህኔ ጉርሻው ወረደልኝ።

«ከማን በር ነው የወጣው?» አልኩ። ድምፄ ሲጮህ ብሎኬት የሚደረድሩት ሠራተኞች ዞሩ። «ሐዲዱንስ ማን ሸጠልህ? እናትህ በዚህ ባቡር አይደል እንዴ ድንችና ሽንኩርት ከድሬዳዋ ሲመጣላቸው ነግደው ያሳደጉህ? ጌታሁን እንደገና ቢሄድ በምርኩዝ ነው፤ አንተ ስለ ኩላሊትህ ታወራኛለህ!»

ደምሰው መሬት መሬት አየ። ቆሜ ብሆን ያን ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ሳህኑ ግን ፊቴ ነው፣ እጄ ቅባት በቅባት ነው፣ እሱም ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው እጄን ነው። ፈገግ አለ። ገብቶ አንድ ቁልፍ ይዞ ተመለሰ።

«በሐዲዱ በኩል በሁለቱም ጫፍ የሠራተኛ በር አለኝ። አንድ ቁልፍ ይከፍታቸዋል። ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እለፉ። ግን ለማኅበራችሁ አባላት ብቻ! የሰፈሩን ሰው አላስገባም። ቃልህን ስጠኝ።»

«ለአባላት ብቻ» አልኩ። «ቃሌ ነው።»

የወዲያኛው በር

በኋለኛው የብረት በር ወጣን። እነሆ የሐዲዱ ቀጣይ፣ ዱከም ድረስ ክፍት! ሸምሱ ግን ብስክሌቱ ላይ አልወጣም።

«አንዲት ቁልፍ!» አለ። «ቆመህ ቢሆን ግንቡ ይፈርስ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በጥብስ ሸጥከን።»

«ደግሞ ጥሬ ነበር» አልኩት። አልሳቀም። ልክ ነው፣ እኔም አልሳቅሁም።

የመስመሩን ቀጣይ ዱከም ድረስ ነድተን አየነው፤ ሁለት ቦታ ጠጠር ይፈልጋል እንጂ መንገድ ነው። ስንመለስ ጫልቱ ዳሷን አጣጥፋ፣ በአስፋልቱ ዞራ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ቤቷ ደጅ ቆማ አገኘናት። ከበሩ መውጣታችንን ልጆቿ ነግረዋታል።

«ከፈተላችሁ?» አለች። «ለእኛስ?»

ሸምሱ ፊቱን አዞረ። «ለማኅበሩ አባላት ብቻ ነው፣ እህቴ።»

አንገቷን ነቀነቀች፤ ሌላ መልስ ጠብቃ አልነበረም። ያ ነው ያቃጠለኝ። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

«ጫልቱ» አልኳት፣ «ብስክሌት ትወጃለሽ?»

«እኔ? ወጥቼበት አላውቅም፣ አባባ!»

«የኛ ማኅበር የብስክሌት ወዳጆች ማኅበር ነው። ይንዱ የሚል ነገር ደንቡ ላይ የለም። እኔን እያየሽኝ አይደል? ይህን መንዳት ትይዋለሽ? ትወጃለሽ አትወጂም?»

ሸምሱ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ልጆቼ በጣም ይወዳሉ» አለች።

«በቃ፣ አንቺም ልጆችሽም አባል ናችሁ። መዋጮውን አንድ ቀን ጠጠር በመሸከም ትከፍያለሽ።»

ጎረቤቶቿ ተጠጉ። አንዱ ጎልማሳ፣ እሱም ብስክሌት እንደሚወድ፣ ሚስቱም እንደምትወድ፣ አማቱማ ከብስክሌት ሌላ ወሬ እንደሌላቸው ማለ። አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው፣ «አህያዬስ?» አሉኝ።

«እሷን ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስናል» አላቸው ሸምሱ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

ካዛንቺስ፣ ወደ ማታ

ባምቢስ ስደርስ መብራት በርቷል። ቤት ሳልገባ፣ መንገድ ዳር ማሽኑን ዘርግቶ ከሚሠራው ቁልፍ ቀራጭ ፊት ብስክሌቴን አቆምኩ።

ማሽኑ እስኪነሣ ቆሜ አሰብኩ፤ ምን ተማርኩ? ንዴቴ አልወጣልኝም። ግንቡ ቆሟል፣ ጌታሁን ተኝቷል፣ ደምሰው የሕዝብ መንገድ በቁልፍ ሲሰጠኝ ደግ የሆነ መስሎታል። ለአንዲት በር አመሰግናለሁ ብዬው መውጣቴን ሳስብ ጺሜን መንጨት ያምረኛል። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፦ በሁለት ሽማግሌ የማይፈርስ ግንብ አለ። ጠጠር የሚሸከሙት አባላት ሁሉ ጠዋት ጠዋት በግቢው መሐል እያለፉ ደኅና አደርክ ይበሉት። የሁሉንም ሰላምታ እየመለሰ ሥራ ይሥራ እስቲ! ግንቡ የጠቀመው ምን እንደሆነ ያኔ ራሱ ያስላው።

ቀራጩ ቁልፉን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው። «ስንት ልቅረጽልዎት፣ ጋሼ?»

«ያልተቀረጸ ባዶ ቁልፍ ስንት አለህ?»

ሣጥኑን ከፍቶ ቆጠረና በጥርጣሬ አየኝ። «ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቤት ነው የሚኖረው?»

«ቤቱ ይቅርብህ» አልኩት፣ «ሁሉንም ቅረጽ።»