በለስ የደፈነኝ ክረምት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ አንድ ዓመት ትጠራለች፣ ጎረቤታችን መምህሩ ሌላ ይጠራል፣ እኔ ለሁለቱም «ልክ ነው» እላለሁ። በልጅ ልጄ ዕድሜ መቁጠር ይቻል ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን «ትልቅ ነኝ» ትላለች፣ በማግስቱ «ገና ሕፃን ነኝ» ትላለች፤ እንደሚሰጣት ነገር ነው። ክረምት እንደነበረ ግን እምላለሁ፣ በለስ ነበረና። መቀሌ ላይ በለስ ከታየ ክረምት ነው፤ ይህን ለማወቅ እንደ እኔ መሠረተ ትምህርት ብቻ የቀመሰ ሰውም ይበቃል።

በዚያ ክረምት ሰውን እያስቀመጠና እያስመለሰ የሚገድል በሽታ ከተማ ገብቶ ነበር። በሬዲዮ አተት ይሉታል። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኮሌራ ይለዋል። የትከሻ ሰላምታ ቀረ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ንፍሮውን ሳይነካ ይወጣል።

እኛ ሰፈር፣ ቀዳማይ ወያነ፣ ክርክሩ የሚካሄደው ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ነበር። መቀመጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ። ስለዚህ ሐሳቤ ምንም ያህል ደካማ ቢሆን ከዚያ ሊያስነሳኝ የሚችል ሰው አልነበረም።

«አተት ከሆነ ቀላል ነው፤ የሚገድለው ኮሌራ ነው» ይላል ባለሱቁ።

«ሟቹ መጀመሪያ ስሙን ጠይቆ ነው እንዴ የሚሞተው?» ይላል መምህሩ። ጡረታ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ከትምህርት ቤት ነው፣ ከማስተማር አልወጣም።

«ውሃው ነው እኔን ከጠየቃችሁ» ይላል ሌላው።

«ውሃው ምን አደረገህ? ከዓይናለም ጉድጓድ ደህና ሆኖ ነው የሚመጣው። ያንተን ጀሪካን ካጠብከው ግን ስንት ጊዜህ ነው?»

አንድ ቀን መምህሩ ጣቱን ወደ ማዕዘኑ ቀሰረና «በከንቱ አትድከሙ፤ በለሱ ነው» አለ።

ማዕዘኑ ላይ በለስ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሳፋዋን አስቀምጣ በቢላ ትልጣለች፣ ሰው ቆሞ ይበላል። መምህሩ ይህን ካለ በኋላ ሰዉ እሷ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገር ጀመር።

እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት ነበረኝ። ልጃችን ውቅሮ ላይ የበኩር ልጇን ወልዳ፣ ባለቤቴ አራሷን ልትጠብቅ ሄዳ ነበር። የሕፃኗ ክርስትና እየደረሰ ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፣ ገና አላየኋትም። ባለቤቴ ደወለችልኝ።

«ስማኝ» አለች። «እዚህ ያለችው አንድ ፍሬ ልጅ ናት። ሆድህ ትንሽ እንኳ ከላላ እዚያው ሁን፣ እንዳትመጣ።»

«ክርስትናዋስ?»

«ያላንተም ትጠመቃለች። የሚያጠምቋት ቄሱ ናቸው።»

እውነቷን ነው። እኔ ግን ሳላያት መቅረት አልፈለግኩም። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ አሰብኩ፤ ማሰብ ደግሞ ለእኔ መቼም በጅቶኝ አያውቅም። ያሰብኩት እንደ ግንበኛ ነው። ውሃ የሚያፈስ ግንብ በምን ይደፈናል? በጠጠርና በጭቃ። በለስ ውስጡ ምንድን ነው? ድፍን ጠጠር፣ በጣፋጭ ጭቃ የተለወሰ። በሽታው ማፍሰስ ከሆነ መድኃኒቱ መድፈን ነው! በለስ ሲበዛ ሆድ እንደሚያደርቅ ትግራይ ውስጥ ጥርስ ያበቀለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ይህን የሚያውቀው እንዳይበላ ነው። እኔ ያወቅኩት እንድበላ ነው።

ተነስቼ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«ላጪልኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ስንት፣ ኣቦይ?»

«እስኪበቃኝ።»

ጾመ ፍልሰታ ነው፣ ባለቤቴም የለች። ምሳዬም እራቴም በለስ ሆነ። ሴትዮዋ ያላት ደንበኛ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ቀናት ሲያልፉ እሷም ፈራች።

«ኣቦይ፣ ይብቃዎት። ኋላ በቁፋሮም አይወጣልዎት!»

«እኔ የማውቀውን አውቃለሁ» አልኳት። ምን እንደማውቅ አልጠየቀችኝም፤ እግዜር ይስጣት።

መጀመሪያ ላይ ሠራ። መቀመጫው ላይ የሌሎቹ ሆድ በጮኸ ቁጥር ፊታቸው ይነጣል፣ እየሮጡ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ንቅንቅ የለም።

«ኣያ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ከዚህ የማትነሳው?» አለኝ መምህሩ።

«የእኔ ሆድ በቱንቢ ተለክቶ የተሠራ ግንብ ነው፤ አያፈስም።»

ሳቁ፣ እኔም ኮራሁ። ሽንት ቤት ባለመሄዱ የኮራ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ግንቡ ግን እየጠነከረ ሄደ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ቀጥሎ የሱሪዬን ቁልፍ። አንድ ጠዋት ሕመሙ እጥፍ አድርጎኝ እየተንፏቀቅኩ ከቤቴ በር ወጣሁና መቀመጫው ላይ ያሉትን ሰዎች «እርዱኝ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል አልነበረም። እዚያው በሁሉም ፊት አስመለሰኝ።

መቀመጫው ባዶ ሆነ። ዝናብ እንኳ እንደዚያ በአንድ ጊዜ አጽድቶት አያውቅም። ባለሱቁ መስኮቱን ጠረቀመ። መምህሩ ከግቢው በር ጀርባ ሆኖ ይጮሃል፦

«እንዳትነኩት! አምቡላንስ ጥሩ!»

«አንተ ጥራ!» ይላል ሌላው ከሌላ በር ጀርባ።

«ካርድ የለኝም!»

ባለጋሪው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወሎዬ ነው፣ ሙስሊም፤ በእጅ ጋሪ ከገበያ እህል የሚያመላልስ። አገር ቤት ያሉት ሚስቱና ልጆቹ የሚተዳደሩት በዚያች ጋሪ ነው። ባዶዋን እየገፋ ሲመጣ ደጄ ላይ ተኮራምቼ አገኘኝ። ወደተዘጉት በሮች አየ፣ ወደ እኔ አየ። ጋሪው ላይ ጆንያ አነጠፈ፣ በብብቴ ሥር እጁን አግብቶ አንስቶ ጫነኝ። ያስመለስኩት ነገር እጅጌው ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ያኛው በሽታ አይደለም» አልኩት እያቃሰትኩ። «እኔ ተቃራኒው ነኝ።»

«አብሽሩ፣ አባቴ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በለስ ነው!»

«ይሁን፣ በለስ ነው።»

«አልተቀመጥኩም እኮ!»

«ኢንሻአላህ አይቀመጡም።»

አልፈረድኩበትም። በዚያ ሰሞን የታመመ ሁሉ በሽታውን ይደብቅ ስለነበር እውነት የሚናገረውም ከውሸታሙ አይለይም ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ኮብልስቶን። ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያየን ግድግዳ ይለጠፋል። ጋሪው በየድንጋዩ በነጠረ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ያለው ግንብ አብሮ ይነጥራል። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ እንኳ «ይህን ድንጋይ ማነው ያነጠፈው? ሥራ ነው ይሄ?» እል ነበር። ባለጋሪው መቃዠት ጀመሩ ብሎ ፍጥነት ጨመረ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ላይ በረኪና ረጩብን፤ በእኔም፣ በእሱም፣ በጋሪውም። እሱን ውጭ አስቀርተው እኔን መሐሉ የተቀደደ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ከቀዳዳው ሥር ባልዲ አለ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ተቀመጡ፣ ኣቦይ?» አለችኝ ሲስተሯ።

«አንድም።»

«ትናንትስ?»

«አንድም፣ ጓለይ። ጾሙ ከገባ ወዲህ የለም።»

ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «ውሃው ከሰውነታቸው አልቋል፣ ይቃዣሉ» አለች። ጎንበስ ብላ ባልዲውን አየች። ደረቅ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየች።

«አትድከሚ፣ ሲስተር» አልኳት። «ከእኔ እዚያ የሚወርድ ነገር ቢኖር እዚህ ባልመጣሁ።»

ከጎኔ ግሉኮስ ተሰክቶለት የተኛ ሰው በደከመ ድምፅ መሳቅ ጀመረ። «በእናታችሁ አታስቁኝ» አለ። «እኔ ስስቅ ይመጣል!»

ሆዴን ጫን ስታደርገው ነገሩ ገባት። ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ የጠጠሩንና የጭቃውን ፍልስፍና ሳላስቀር። ከድንኳኑ አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ፣ የሳሙና ውሃ ይዘው። ሌላውን አልጽፍም፤ ግንብ ሲፈርስ ያየ ሰው ይገባዋል።

ሲስተሯ ስትጨርስ አልሳቀችም። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አንጀትዎ ይቀደድ ነበር። ከአተት ሸሽተው በበለስ ሊሞቱ!» አለችኝ። ድንኳኑ ውስጥ በሽተኞች መሐል ስለተኛሁ ለጥቂት ቀናት ከሰው ሳልቀላቀል እንድጠብቅ አዘዘችኝ፤ ምልክት ካላየሁ ክርስትናው ይደርስልዎታል አለችኝ። ንጹሕ ሆኜ ገብቼ በሽታውን ይዤ ልወጣ ነበር ማለት ነው። የእኔ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው።

ቤቴ ተቀምጬ ቀኖቹን አሳለፍኩ፤ ሆዴም እንደ ሰው ሆድ ሆነ። በመስኮቴ ሳይ ግን ባለጋሪው ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ጋሪው ግድግዳ ተደግፏል።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ገበያው ጋሪዬን ፈርቶታል፣ አባቴ። በረኪና ይሸታል። ‹አተት የጫነ ጋሪ የእኛን እህል አይጭንም› አሉ።»

«በለስ እንደነበረ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው› አሉኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያ ሳምንት መቀመጫው ላይ ስሜ ገንኖ ነበር። ደጄ ድረስ እየመጡ ከሩቅ «አተትን የጣለ ሽማግሌ!» ይሉኛል። መምህሩ ጭምር «የድሮ ሰው አጥንት» ብሎ አሞግሶኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። አተትን የጣለ ሰው መሆን፣ በለስ የጣለው ሰው ከመሆን በእጅጉ ይሻላል። ዝም ብል ክብሬ ይቀጥላል። ባለጋሪው ግን እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ ልጆቹም ያችን ጋሪ ይጠብቃሉ።

ሲስተሯ ያዘዘችኝ ቀን ሲያልቅ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና ጋሪው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ግፋ፣ ወደ እህል ተራ» አልኩት።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልዋረድ።»

እህል ተራ ስንደርስ ሰዉ ገለል አለልን። ጋሪው ላይ ቆምኩ፤ እንዳልወድቅ ባለጋሪው እግሬን ያዘልኝ።

«ሰዎች፣ ስሙኝ! አተት የያዘው ሰው ያላችሁት እኔን ነው። አተት አልያዘኝም። በለስ ነው የያዘኝ። እንዲደፍነኝ ብዬ በላሁት፣ ደፈነኝ። ጤና ጣቢያ በሳሙና ውሃ ነው የከፈቱኝ!»

አንዲት በርበሬ ሻጭ ቀስ ብላ «ስንት በልተው ነው?» አለች።

«እስኪበቃኝ።»

«ነግሬያቸው ነበር!» ብላ ጮኸች ከሕዝቡ መሐል የእኛ ሰፈሯ በለስ ሻጭ፣ ሳፋዋን እንደያዘች። «በቁፋሮም አይወጣም ብዬ ነግሬያቸው ነበር!»

ሳቁ ከእህል ተራ ተነስቶ ቅመም ተራ ደረሰ። አንድ ጤፍ ነጋዴ ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ «ሰው ለመከበር ይዋሻል እንጂ እንዲህ ለመዋረድ ማን ይዋሻል? አምጣ ጋሪህን» አለና የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ጫነበት። እኔ ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ድፍኑ» ይለኛል። መምህሩ እንኳ የሚጠራኝ በዚሁ ነው።

ውቅሮ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ባለቤቴ ደጅ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ «ድፍኑ መጣ» አለችና ሕፃኗን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሕፃኗም ትንሽ አየችኝና፣ እኔ ሳምንት ሙሉ ያቃተኝን ነገር ነጠላዬ ላይ ያለ ምንም ችግር ፈጸመችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ ነበረበት።

ስመለስ ባለጋሪውን ከሥራ ሲገባ ጠብቄ ስኳር ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን በለስ ነው ስልህ አላመንከኝም» አልኩት።

«አላመንኩም።»

«አተት ነው ብለህ ነው የጫንከኝ።»

«አተት ነው ብዬ ነው።»

«አልፈራህም?»

«ወላሂ ፈርቻለሁ፣ አባቴ። ቁልቁለቱ ላይ ጥዬዎት ልሮጥ አስቤ ነበር።» ጋሪው ጎማ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ነበር። «ግን እኔ ከለቀቅኩት ጋሪው ብቻውን ይወርዳል። አንቱም አብረው ይወርዳሉ።»

እኔ ታሪኩን ሳወራ ሰው ባልዲው ላይ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይህን የመጨረሻውን ግን ሳልነግራቸው ብዙ ዘመን ቆየሁ። በሩን ሁሉም በዘጋብኝ ጠዋት፣ የሚገድል በሽታ ጫንኩ ብሎ እያመነ ቁልቁለቱን ሙሉ እጁን ከጋሪው ያልለቀቀው፣ ያ ከግቢያችን ጀርባ ተከራይቶ የነበረው ወሎዬ ባለጋሪ ነው።