ከማሽኑ ያልወጣው ባልደረባዬ

ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበር። እሱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያጓራል፤ እኛ ደግሞ በየጠረጴዛችን ባሉት ስክሪኖች ሁላችንም በእሱ እንሠራለን። ጠዋት ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን እንሰጠዋለን፤ ስንሄድም መሄዳችንን መንገር አለብን። ካልነገርነው እዚያው ያለን ይመስለዋል። ማን እንዳለ ሲጠየቅ የእያንዳንዱን ስም፣ የገባበትን ሰዓትና ቁልፍ ከነካ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ያሳያል። ጠዋት ጠዋት ይህን የማየው እኔ ነበርኩ።

እኛ ግን ደንቡን መቼ ጠብቀን እናውቃለን! ግዴታ በሆነው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ላይ ያረፈደ ሰው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ፣ ስክሪኑን ብቻ አጥፍተን እንሮጣለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬም እንደዚያው አደረገ። ከስብሰባው መሃል ሁለት ሰዎች ጠርተው አስወጡት፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያነሳ ጠፋ። ማሽኑ ብቻ በየማለዳው «አለ» ይላል። ልሰርዘው እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሚስቱ እስር ቤት ስንቅ አድርሳ ስትመለስ በአጥራችን በኩል ታልፋለች።

«ዛሬም ተቀበሉኝ» ትለኛለች። ስንቁን ከተቀበሉ በሕይወት አለ ማለት ነው።

«እኔም ዘንድ ስሙ አለ» እላታለሁ። ምን እንደሚፈይድላት እንጃ፣ ፊቷ ግን ፈካ ይላል።

አንድ ቀን ሰዎች መጥተው የእሱን ስክሪን ነቀሉና ከአለቃችን ቢሮ ጎን ካለች ክፍል አስገብተው ቆለፉበት። በማግስቱ ዝርዝሩን ሳይ ባልደረባዬ ቁልፍ የነካው አሁን ነው ይላል። ወዲያው ከእሱ ስም የተላከ መልእክት ስክሪኔ ላይ ብቅ አለ፤ ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው።

«አለሽ?»

አለሁ ልለው እጄን ዘረጋሁ። ከደስታ ብዛት ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ስሜን አስከተለ፣ ልክ ዝርዝሩ ላይ እንዳለው አሳጥሮ። እሱ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «እህት ዓለም» ነበር የሚለኝ። ከዚያች ከተቆለፈችው ክፍል ሆኖ በእሱ ስም የሚጠራኝ ሌላ ሰው ነው። ብመልስ ቀጥሎ የምወሰደው እኔ ነኝ። ጥያቄው ሦስቴ ተደጋገመ፤ እኔ የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

በነጋታው ስሙ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። አንድ ሰው በእሱ ፋንታ፣ ማናችንም በማናከብረው ደንብ፣ ማሽኑን ተሰናብቶለታል።

ሚስቱ በአጥሩ በኩል መጣች። የምግብ ሳህኑን በነጠላዋ እንደ ጠቀለለች በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ዛሬ መለሱብኝ» አለችኝ። «አንቺ ዘንድስ፣ አለ?»

«አለ» አልኳት።

«እንግዲያው ነገም እሄዳለሁ» ብላ፣ ሳህኑን አቅፋ ወደ ቤቷ አቀናች።