የማያነክሰው ፉርጎ

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ሚስቴ አታውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። የንስሐ አባቴ "ሌላ የቀረ አለ?" ብለው በጠየቁኝ ቁጥር "የለም አባቴ" እያልኩ፣ ያልተፈታሁትን ተፈታሁ ብዬ ወጥቻለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? መዳፍ የምታህል የአሻንጉሊት ፉርጎ ሰረቅኩ ብላቸው ፈገግ ብለው ጥቂት ስግደት አዘው ይሸኙኝ ነበር። እኔ ደግሞ በጥቂት ስግደት መገላገሉን ፈራሁት። ስለዚህ ለአንተ እነግርሃለሁ። አንተ አታውቀኝም፤ ልትፈታኝም አትችልም።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ባቡር ያየሁት ለትምህርት አዲስ አበባ በገባሁ ጊዜ፣ ለገሐር አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ልክፍት ያዘኝ። በቢቸና አገር ሐዲድ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በተከራየኋት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘረጋሁ። ፉርጎ የምሠራው ከሰርዲን ቆርቆሮና ከዋንዛ እንጨት ነው። ያስቸገረኝ ጎማው ነበር፤ እሱንም ጎጃም ራሱ ሰጠኝ። ለለቅሶና ለሠርግ ጥይት ሲተኮስ የወደቀውን ቀለህ እለቅማለሁ። ቂጡን በመጋዝ ቆርጬ በሞረድ ሳስተካክለው፣ ዙሪያውን ያለው ከንፈር ሐዲዱን ይዞ የሚሄድ ደህና ጎማ ይወጣዋል። ለቅሶ ቤት ጎንበስ ብዬ ስለቅም ያየኝ ሰው ሁሉ "መምህሩ ሊሸፍት ነው እንዴ?" ይል ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ሞጣ ሄጄ አመመኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። ድሬሰሩ መርፌውን ሲወጋኝ አልተሰማኝም፤ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ቀርቶ ነበር። መስኮቱ ላይ ፉርጎ ተቀምጧል። ቡናማ ቀለም የተቀባ የዕቃ ፉርጎ፤ በሩ በጎን የሚንሸራተት፣ ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የፍሬን መዘውር ያለችው፣ ቁጥሩ በቀጭን ብሩሽ በእጅ የተጻፈ። ድሬሰሩ ሙክታር ይባላል፤ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ አባባ ኢብራሂም ዕድሜያቸውን ሙሉ በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበሩ። ልጃቸው ለሥራ ወደ ጎጃም ሲመደብ ፉርጎውን በእጃቸው ሠርተው ለመንገዱ ሰጡት።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔና ሙክታር ወንድማማች ሆንን። እሱም ጠረጴዛው ላይ ሐዲድ ዘረጋ። የጭነት መኪና ሾፌር ለምነን ፉርጎ መለዋወጥ ጀመርን፤ ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና። ሕግ ነበረን። ባዶ ፉርጎ መንገድ አይወጣም፤ ከእኔ ነጭ ጤፍ፣ ከእሱ ጥቁር አዝሙድ ይጫናል። የተቀበለው ሰው በራሱ ሐዲድ ላይ ይነዳዋል። ነድቶ ሲጠግብ ጭኖ ለባለቤቱ ይመልሳል። ሁለት ደመወዝተኞች እንዲህ ስንሆን የሚያየን ሾፌር በሳቅ ይሞት ነበር፤ ግን አንድም ቀን አልጣለብንም።

የአባባ ኢብራሂም ፉርጎ ግን በዚህ ልውውጥ ውስጥ አልነበረም። ከመስኮቱ ወርዶ አያውቅም። ሙክታር እንደ ፎቶግራፍ ነው ያስቀመጠው፤ አቧራውን ያራግፍለታል እንጂ ሐዲድ ላይ አኑሮት አያውቅም። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ፉርጎ ማየት አቃተኝ። ለምን? የእኔ ባቡር ሁሉ ከሥዕል የተቀዳ ነበር። ያ ግን እውነተኛ ባቡር ሲያቆም ከኖረ እጅ የወጣ ነው። አንዴ ብቻ ቢቸና ይምጣ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ደግሜ ለመንኩት። በመጨረሻ ክረምት ሊገባ ሲል "አታምነኝም?" አልኩት። ወዳጁን እንዲህ ያለ ሰው ምን መልስ እንደሚያገኝ ያውቃል። እኔም አውቄ ነው ያልኩት።

ፉርጎው ጥቁር አዝሙድ ጭኖ መጣ። ዝናቡ ወዲያው ተከተለ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነና መኪና ቀረ። በየክረምቱ አገሬ እሄድ ነበር፤ ያን ክረምት ግን ቢቸና ቀረሁ። ሐዲዴ ላይ ሳስቀምጠው ፉርጎው ያነክሳል። በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ገልብጬ ሳየው የአንዱ ጎማ ጎን ጠፍጣፋ ነው። ሽማግሌው እጃቸው ስቶ ነው አልኩ፤ አዘንኩላቸውም።

አምሳያውን መሥራት የጀመርኩት ለራሴ እንዲቀር ነው ብዬ ነበር። እንዲህ ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቆርቆሮ ቆረጥኩ፣ ቀለም በጠበጥኩ፣ ቁጥሩን የብሩሹን አካሄድ ሳይቀር እየተከተልኩ ጻፍኩ። ጭረቱን በጭረት፣ ዝገቱን በዝገት ተካሁ። አንድ ነገር ብቻ አልቀዳሁም። የሚያነክስ ጎማ መሥራት እጄ እምቢ አለኝ። ፉርጎ የሚሠራ ሰው ይህ አመሉ ነው፤ ጎማ ከዞረለት በኋላ ሆን ብሎ አያበላሸውም። እንዲያውም ለሽማግሌው ስሕተታቸውን ያረምኩላቸው መሰለኝ! ሌባው እኔ፣ አራሚው እኔ።

መንገዱ ደርቆ ሾፌሩ ደጄ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ሁለቱም ፉርጎዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ነጭ ጤፍ የሞላሁት አምሳያውን ነው። ተሳስቼ አይደለም። ሾፌሩ እየቸኮለ ነበር፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም። አስቤ፣ መርጬ፣ በእጄ ሰጠሁት። የሽማግሌውን ፉርጎ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ካለው ሳጥን ከተትኩት።

ወዲያው ሙክታር ላከብኝ። እናቱ ሞተው ስለነበር አባቱን ከድሬዳዋ አምጥቷቸዋል፤ መጥተህ ተዋወቃቸው፣ ባቡራችንንም እናሳያቸው አለኝ። መቅረት እችል ነበር። የቀረሁ እንደሆነ ይጠረጥረኛል ብዬ ሄድኩ።

አባባ ኢብራሂም ፉርጎውን ከሠሩ ወዲህ ዓይናቸው ጠፍቷል። ይህን ሙክታር አልነገረኝም ነበር። ስገባ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው የጎረቤት ፕሪመስ ምድጃ በዳበሳ ፈታተው ይጠግናሉ። ኩሩ፣ ቁጡ፣ በየመሃሉ የፈረንሳይኛ ስድብ ጣል የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። "ዓይኔ ጡረታ ወጣ እንጂ እጄ ገና ሥራ ላይ ነው" አሉና ሳቁ። በመላው ሰፈር የተበላሸ ፕሪመስ እሳቸው ዘንድ መምጣት ጀምሮ ነበር። እኔም ሳቅኩ። የመጨረሻ ሳቄ ያ ነበር።

ለእኔ ሲባል ሽሮ ተሠርቶ ቀረበ። እየበላን አንድ የሥራ ቀናቸውን አጫወቱን። ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል፣ እሳቸው የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ሆነው የፍሬኑን መዘውር ብቻቸውን አጠበቁ። ጎማው መዞር አቆመና ሐዲዱን እየፋቀ፣ እሳት እየረጨ ተንሸራተተ። ባቡሩ ቆመ፤ ሰውም ተረፈ። ያ ጎማ ግን ከሐዲዱ ጋር ሲፋቅ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፉርጎው በሄደበት ሁሉ ያነክስ ነበር። "ማታ ተኝቼ ከሩቅ ሲመጣ በእግሩ አውቀዋለሁ" አሉ። "ያ የኔ ኒሻን ነው። ሌላ አልሸለሙኝም።"

የጎማው ነገር ገባኝ። ሙክታር አልገባውም፤ ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምቶታል፣ ፉርጎውን ግን አንድም ጊዜ አልነዳውም። እኔ ነድቼዋለሁ። ያ ቀጭ ቀጭ የእጅ ስሕተት እንዳልነበረ በዚያች ቤት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! ገና ፉርጎውን አልጨበጡትም። "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ሌላውን ልኬዋለሁ" ብል ያምኑኝ ነበር። ሐሰትም ቢሆን መዳኛ ሐሰት ነበረልኝ፤ እሱን እንኳ አልተጠቀምኩበትም።

እጃቸውን ታጥበው "በል ፉርጎዬን አምጣልኝ" አሉ።

ተቀበሉት። ጣሪያውን ዳበሱ፣ በሩን ገፋ አደረጉ፣ የፍሬኗን መዘውር በጥፍራቸው አዞሩ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ሐዲዱን በዳበሳ አግኝተው አስቀመጡትና ጆሯቸውን ዝቅ አድርገው ገፋ አደረጉት። ፉርጎው ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። መለሱት፤ እንደገና ገፉት። አሁንም ጸጥ።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

ሙክታር ሳቀ። "አባዬ ደግሞ! የእርስዎ ነው እንጂ። ቁጥሩ እንኳ የእርስዎ እጅ ነው።"

"አያነክስም።"

"ምኑ?"

"ጎማው ነዋ! አንዱን ጎማ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጌዋለሁ። አልነገርኩህም። ልጄ አንድ ቀን ሐዲድ ላይ ያስቀምጠውና ይሰማዋል፣ ያን ጊዜ አባቱ ትዝ ይለዋል ብዬ ነው ያልነገርኩህ።" ፉርጎውን ከሐዲዱ አነሱት። "ሸጥከው?"

"ወላሂ አልሸጥኩም!"

"ታዲያ የኔ የት ሄደ?"

ሙክታር ያነክስ እንደነበር አያውቅም፤ አያነክስም ነበር ብሎ መማልም አይችልም። ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ ክረምቱን ሙሉ አንተ ዘንድ ነው የከረመው። እባክህ ንገራቸው።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ያረፈው ግን ትከሻዬ ላይ ነበር።

"መምህር፣ አንተ ዓይን አለህ፤ እኔ የለኝም። አንተ ቤት ሲሄድ ያነክስ ነበር?"

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። አዎ። ይህን ቃል ባወጣው ሌባ እባላለሁ፤ ወዳጄን አጣለሁ፤ ወሬው ተማሪዎቼ ጋ ይደርሳል። እኔ ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰላሁ። እሳቸው ምን እንደሚያጡ ግን አላሰላሁም፤ ወይም አስልቼ የእኔ በለጠብኝ።

"የለም አባባ" አልኩ። "አያነክስም ነበር። ያው ፉርጎዎ ነው።"

ስድብ አልወጣቸውም። አውራ ጣታቸውን በጎማው ላይ አዟዟሩ፣ አዟዟሩና "ሞርጄው ነበር" አሉ፤ ለእኛ አይደለም። "ወይስ ልሞርደው አስቤ ነው የቀረሁት?" እኔ መልሱ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

ያን ቀን የሰረቅኩት ፉርጎ አልነበረም። የሽማግሌውን እጅ ከሽማግሌው ሰረቅኩ። የጀመሩትን ፕሪመስ ሳይጨርሱ ለባለቤቱ መለሱት፤ ሌላ ሲመጣም "እጄም ጡረታ ወጣ" እያሉ መለሱ። ይህን ያጫወተኝ ሙክታር ነው። ቆይቶ ደግሞ የፍሬኑን ታሪክ ማውራት ተዉ። አንድ ቀን "ያን ባቡር ያቆምኩት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው?" ብለው ጠየቁት። ስለ ጎማው የተሳሳተ ሰው፣ ስለ ቀኑስ ላለመሳሳቱ ምን ማስረጃ አለው? ማስረጃው አልጋዬ ሥር ነበር። እየሰማሁ "እርጅና ነው" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

በተከታዩ ክረምት ሞቱ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለለቅሶ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ሙክታር አቅፎኝ አለቀሰ፤ ከዚያም አመሰገነኝ። አዎ፣ አመሰገነኝ! "አንተ ባትመሰክርልኝ አባቴ ሌባ ነህ ብለውኝ ይሞቱ ነበር" አለ። ቀጥሎ ከቤቱ መስኮት ያን እኔ የሠራሁትን ፉርጎ አውርዶ እጄ ላይ አኖረው። "እሳቸው ያልወደዱትን ማየት አልቻልኩም። አንተ ግን ከመጀመሪያውም ትወደው ነበር" አለኝ። ተቀበልኩት። በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ እኛም በየፊናችን ተበተንን። ሁለቱም ፉርጎዎች አሁን እፊቴ ናቸው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ለመዋሸት የደረስኩ ሰው ነበርኩ። ብቸኝነት ነው አልልም፤ ወንድም የሚሆን ወዳጅ ነበረኝ። ሙክታር ድሬዳዋ እንደሚኖር ሰምቻለሁ፤ ይህንንም ከሰማሁ ቆይቷል። ያልሄድኩት ስለፈራሁ ነው።

አሁን እሄዳለሁ። ሕጋችን ሕግ ነውና የአባቱን ፉርጎ ነጭ ጤፍ ሞልቼዋለሁ፤ በሾፌር ግን አልከውም። ይቅር በለኝ አልለውም። ይቅር የማለት መብት የነበራቸው ሰው ጆሯቸውን አምነው ሊሞቱ ሲገባቸው ጠርጥረውት ሞቱ። በሩ ላይ ሊተፋብኝም፣ ሊዘጋብኝም ይችላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቀረ መልስ አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ፉርጎውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲሄድ፣ ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አዎ አባባ፤ ያነክስ ነበር።