ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባው ዲስክ

ትናንት እዚህ ሱዳን፣ ኒው ሀልፋ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጥፍሯን ስትቀባ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሳላስበው ገዳሪፍ ገበያ፣ ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ስልክ ላይ ዘፈንና መዝሙር የሚጫንባት ሱቅ ነበረች። ባለ ሱቋ ግን የምትኮራው በሌላ ነገር ነው። ከመተማ በኩል ለአረም የሚመጡ ሠራተኞች ወደ እርሻው ከመውጣታቸው በፊት እሷ ዘንድ ድምፃቸውን ይቀዱ ነበር፤ "እማ፣ ደህና ነኝ፣ ጥጃዋን እንዳትሸጪብኝ" እያሉ። ሳይመለስ የቀረ ካለ ዘመዶቹ መጥተው ያዳምጡታል።

ያ ሁሉ ድምፅ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፤ ከተቆለፈች ያለው ይሰማል እንጂ ምንም አይጨመርበት፣ ምንም አይጠፋበት። ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ከፍታ አዲሱን ድምፅ ትጨምርና መልሳ ትቆልፋለች። ከዚያ መቆለፊያዋን ቀይ የጥፍር ቀለም ትቀባታለች፤ የነካ ሰው እንዲታወቅ።

እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንድ ግጥም አስቀዳሁ። በሳምንቱ አፈርኩበት።

"እትዬ፣ ያችን ግጥም አጥፊልኝ። የተሻለ አምጥቻለሁ።"

"ያን ቀን እንደዚያ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

"ነኝ፣ ግን..."

"ኸላስ፣ በቃ! አዲሱን ዓርብ እጨምርልሻለሁ። አሮጌው ይቀመጣል።"

ዓርብን መጠበቅ አልቻልኩም። ሱቁን ጠብቂልኝ ብላኝ በረዶ ልትገዛ ስትወጣ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅኩና መቆለፊያዋን ገፍቼ የራሴን ፍላሽ ሰካሁ። ፍላሼ ቫይረስ ነበረበት። ዓይኔ እያየ የሠራተኞቹ ስሞች ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ጠፉ። በማግስቱ የልጇን ድምፅ ልትሰማ የምትመጣ እናት እንዳለች ደግሞ አውቅ ነበር።

ስትመለስ እያለቀስኩ አገኘችኝ። ጥፍሬ ሥር የገባውን ቀይ አየች። በረዶውን አስቀምጣ ጥግ ካለ የሰሊጥ ጣሳ ውስጥ ያንኑ ድምፅ የያዘ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሁለተኛ ዲስክ አወጣች።

"በአንድ ቁልፍ የምተማመን መሰለሽ፣ ገጣሚት?"

ኮምፒውተሩን አጽድታ ሁሉንም መለሰችው። ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ። "አንድ በአንድ አዳምጪ። የጎደለ ካለ ትነግሪኛለሽ።"

ሙቀቱ እስኪበርድ አዳመጥኩ። አንዱ ልጅ የሚለው ጠፍቶት ይስቃል፤ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ብሆን አጠፋው ነበር።

በማግስቱ እናትዮዋ መጣች። ልትሰማ የመጣችው ያንን ሳቅ ነበር። ሦስቴ አስደገመችው። ባለ ሱቋም ሦስቴ ከፈተችላት።

የሱዳኑ ጦርነት መጥቶ ወደ መተማ ስትሻገር ባለ ቀዩን ዲስክ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ለምን ለእኔ?" አልኳት።

"አንቺ ከእንግዲህ አትነኪውም።"

አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ግጥሜ እዚያው አለ፤ ዛሬም መጥፎ ነው። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ወርጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። እሷ የቀባችው መሰነጣጠቅ ጀምሯል።