ለምን «ጋሽ ፓውዛ» እንደተባልኩ

ሥራ በጀመርኩ ቀን አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቁርስ ምን በላህ?» ብለው ነው። አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ነበረቻቸው። እንዴት ያለ ደግ ሰው ላይ ጣለኝ ብዬ ደስ አለኝና «ፍርፍር» አልኳቸው።

«ጎሽ፤ አምፖሉንም አጎረስከው» አሉኝ።

ለካ አዲሱን የፊት መብራት አምፖል ብርጭቆውን ጨብጬ ይዤዋለሁ። እንዲህ ዓይነቱ አምፖል ሲበራ ብርጭቆው እንደ ምጣድ ይግላል። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይግልና የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል፤ ሲብስም ይፈነዳል። የሚያዘው በብረቱ በኩል ነው። ከተነካ አልኮል በነካው ንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል። ጋሽ ወልዴ ይህን አስረድተው እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ አስታጠቡኝ። አጥር የምንጋራው ባቲላሜራው ከድር፣ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጠ የሚያቀናው ጎረቤታችን፣ ይህን አይቶ «ሦስት ጊዜ ከታጠብክማ ና አብረን እንስገድ» አለኝ። ጓደኝነታችን የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

ሁለት ዓመት ተለማማጅ፣ አራት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ተለማማጅ ካቻቢቴ ያቀብላል፤ ረዳት ኮፈን ከፍቶ ይፈታል፤ መብራት የሚያስተካክለው ግን ዋናው ሠራተኛ ብቻ ነበር። ጋሽ ወልዴ መኪናውን ኖራ የተቀባው ግድግዳችን ድረስ ያስጠጉና የአምፖሉን ከፍታ በጠመኔ ያሰምራሉ። ከዚያ በሜትር ለክተው አምስት ሜትር ወደ ኋላ ያስመልሱታል። በሩ በሸራ ይጋረድና አጭሩ መብራት ይበራል። የብርሃኑ ጫፍ ከመስመሩ አራት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ከመብራቱ ጀርባ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ትዞራለች፤ እስኪስተካከል ድረስም ሻይ የለም።

እሳቸው ዕድሜ ሲጫናቸው ቤቱን ለእኔ ትተው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔ ዋና ሠራተኛ ስሆን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሜትሩን ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። «ዓይኔ ሜትር ነው» እል ነበር። ለብዙ ዓመትም እውነቴን ነበር።

ሥራችንን የማያውቅ ሰው አምፖል መቀየር ምን ሥራ አለው ይላል። ደንበኛ የሚመጣው «ነጭ ይሁንልኝ» እያለ ነው፤ ነጭ ሁሉ ብሩህ ይመስለዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ የገባ ሾፌር ግን ቢጫውን ቢያገኝ ይስመዋል። ሚኪ የሚባል ቪትዝ መኪና ያለው ወጣት አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፣ ሰማያዊ የሚመታ አራዳ አምፖል የለም?» አለኝ። «መኪና ነው ወይስ ጭፈራ ቤት ነው የምታበራው?» አልኩት። ቢሆንም ገጠምኩለት።

ዋት ጨምርልኝ የሚልም አለ። የመኪናው ሽቦ ለስድሳ ዋት የተዘረጋ ከሆነ መቶ ዋት ሲሸከም ይግላል፤ ሶኬቱም ይቀልጣል። ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ተስቦ፣ ፊውዝና ከባዱን ኤሌክትሪክ በማብሪያው ፈንታ የሚሸከም ሪሌ መግባት አለበት። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለቱ አብሪ ጎኖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካላዩ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ ዛፍ ላይ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው መመሪያ «በሰዓት ፊት ሦስትና ዘጠኝ ላይ አድርጉት» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሦስቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኙም ሦስት ስለሚሆን እስካሁን በዚህ የተሳሳተ ሐበሻ አላጋጠመኝም።

ችግሩ የመጣው አምፖሎች መድከም ሲጀምሩ ነው።

ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሻለሁ። የማበራው አምፖል ሁሉ ፈዘዘብኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው፤ ለካሁት፣ ደህና ነው። ዲናሞውን ጠረጠርኩ፤ እሱም ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአስመጪዎች መሆን አለበት ብዬ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርጄ ከአምፖል ነጋዴ ጋር ተጣላሁ።

«ይኼ አምፖል ነው ወይስ ጧፍ?» አልኩት።

ነጋዴው አምፖሉን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሲያበራው ፊቱን አዙሮ በመዳፉ ዓይኑን ከለለ። «ጋሼ፣ በእናትህ! ከዚህ በላይ ምን ላምጣልህ? ፀሐይዋን?» አለኝ። የነጋዴ ትወና ነው ብዬ ከዚያም የባሰ የሚያበራውን ገዛሁ።

በመስመሩና በአራት ጣቱም ተስፋ ቆረጥኩ። ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ካልወጣ አይታየኝም ነበርና ሁሉንም ከፍ ከፍ አደረግኩት። ከድር እኔ መብራት ላበራ ስል የብየዳ ጭንብሉን እያጠለቀ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ለቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። የታክሲ ሾፌሮች ደግሞ «ጋሽ ፓውዛ» የሚል ስም አወጡልኝ። ፓውዛ የስታዲየም መብራት አይደል? በሙያዬ የሰጡኝ ማዕረግ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እቴነሽ የመጣችው በዚህ የማዕረግ ዘመኔ ላይ ነው። ልደታ ማርያም አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በሚኒባስ የምታመላልስ፣ ወንበር ላይ የወደቀች ፍርፋሪ የማታልፍ ጠንቃቃ ሴት ናት። «ጋሽ ለማ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሬ ነው ልጆች የምሰበስበው። ገና አልነጋም። መብራቴ ትንሽ ይሻሻልልኝ» አለችኝ። ትንሽ የሚባል ነገር አላውቅ። ያለኝን ትልቁን ኤልኢዲ ገጠምኩና በዓይኔ ለክቼ ላክኋት።

በሳምንቱ ተመለሰች። «ጋሽ ለማ፣ የሚመጣው ሾፌር ሁሉ በረጅም መብራት ይሰድበኛል።»

«ቀንተው ነው» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ጋ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ቀጥ ብሎ መጣብኝ። ልጆቹ ጮኹ። ለጥቂት ነው የሳተን፤ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ‹ምንም አላየሁም› ይላል።»

«ለማጅ ይሆናላ» አልኩ።

አልሳቀችም። በማግስቱ ለቦሎ ምርመራ ሄዳ በፊት መብራቱ ምክንያት ወድቃ ተመለሰች። ወረቀቱን ስታሳየኝ ደሜ ፈላ። ቁልፉን ተቀብዬ፣ እሷን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ያቺን ሚኒባስ ራሴ ነድቼ ምርመራ ጣቢያ ወሰድኳት።

መርማሪዋ ወጣት ናት። መኪናዋን ከመለኪያው ማሽን ፊት አስቁማ አየችና «አባቴ፣ መብራቱ ወደ ላይ ነው የሚመታው» አለችኝ። ከሁሉ በፊት የከነከነኝ «አባቴ» ማለቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሁሉም ሰው «ጋሼ» ነበርኩ።

«ማሽኑን የሚያስተካክል ሰው ብትጠሩ ይሻላል» አልኳት።

«ስክሪኑ ላይ ይዩት፣ አባቴ።»

«ስክሪናችሁም ደብዝዟል። ጨርቅ አምጪና ልወልውልልሽ።»

ልጅቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከመውጫው በር በላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡልኝ እስቲ» አለች። ቀና ብዬ አየሁ። ሰሌዳ እንዳለ ይታየኛል፤ ፊደሉ ግን አይታየኝም። መቼም እንዲህ ያለ ቦታ የሚጻፈው አንድ ነው ብዬ በሙሉ ድምፅ «ማጨስ ክልክል ነው!» አልኩ።

«‹ቀስ ብለው ያሽከርክሩ› ነው የሚለው» አለች እቴነሽ ከኋላዬ።

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሽ ለማ፣ ልጆች እንደምጭን እያወቁ በዚህ ዓይን ነው የላኩኝ?» አለችኝ። ቁልፉን ከእጄ ወስዳ፣ እኔን እዚያው ትታኝ ሄደች። በሥራ ዘመኔ ተሰድቤያለሁ፣ ተከስሼም አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። እስከ ጠመንጃ ያዥ በእግሬ መጣሁ።

በማግስቱ ከድር ሥራውን ጥሎ ዓይን ክሊኒክ ወሰደኝ። ሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ ነው አሉኝ። ሐኪሙ «ሌንሱ ደብዝዟል፤ አውጥተን በአዲስ እንቀይረዋለን» ሲል ሙያዬ ነውና ገባኝ። «እኛም ያረጀ የመብራት ፕላስቲክ በብርጭቆ ወረቀት እንፈትገዋለን፤ ግን ብዙ አይቆይም። መቀየሩ ይሻላል» አልኩት። ሐኪሙ የብርጭቆ ወረቀት እንደማይጠቀሙ አረጋገጠልኝ።

የመጀመሪያው ዓይኔ ተሠርቶ ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ከድርን ነው።

«ከድር፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«ጭንብል ውስጥ ሆኜ» አለኝ።

እረፍ የተባልኩትን ቀን አርፌ ወደ ሥራ ቤቴ ስመለስ፣ በር ላይ የቆመች አንዲት ዲኤክስ መኪና ነበረች። ከወር በፊት የሠራኋት ናት። አስገብቼ፣ ሸራውን ጋርጄ አበራኋት። መስመሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ነው። በእኔ እጅ የወጣው መኪና ሁሉ በሰው ዓይን ላይ እያበራ ከተማውን እየዞረ ነው ማለት ነው። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ደውዬ ጠራሁ፤ ብዙዎቹ መጡ። እቴነሽ ግን ስልክ አታነሳም።

የማለዳ ተማሪዎቿን ለሌላ ሾፌር አስረክባ፣ ከሰዓት በኋላ ያሉትን ብቻ በብርሃን እንደምትመልስ ሰማሁ። የቦሎዋ ጊዜ ሊያልፍ ቀናት ቀርተውታል። ካለፈ እነዚያንም ታጣለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄጄ ጠበቅኋት።

«አጥፍቻለሁ፣ እቴነሽ» አልኳት። «ሌላ ባለሙያ ጋ ለምን አልሄድሽም?»

«ሌላውንስ በምን አምነዋለሁ? እርስዎን ነበር የማምነው።»

ይህን ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጣቷ የመብራት ምሰሶ አሳየችኝ። «ያንን ያንብቡት።» ምሰሶው ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩላት። ከሥሩ ያለውን ስልክ ቁጥርም ጨመርኩላት። ከንፈሯ ትንሽ ፈታ አለ። «እሺ፤ ግን እኔ እንዳልኩት ነው የሚሠራው» አለች።

ሚኒባሷን ሥራ ቤቴ አስገባች። እኔ ሜትሩን ከሳጥን ሳወጣ እሷ ወንበር አንስታ፣ ግድግዳው ጋ፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት አደረገች። «ይቀመጡ» አለችኝ። ሸራውን ጋረደች። መሪው ጋ ወጥታ መብራቱን አበራች።

ዓይኔ ጠፋ። ሚኒባሷ የለችም፣ እሷ የለችም፣ ወለሉ የለም። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ ለመሸሽ ስነሳ ወንበሩ ተገለበጠ፤ በየት በኩል ግድግዳ እንዳለ እንኳ አላወቅሁም።

«የዶልፊኑ ሾፌር ያየው ይሄንን ነው» የሚል ድምጿን ሰማሁ። «ከጀርባዬ ደግሞ ልጆች ነበሩ።»

ሠላሳ ዓመት የፊት መብራት ስገጥም ሁልጊዜ የምቆመው ከመብራቱ ጎን ነው፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር።

ኤልኢዲውን አውጥቼ መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ዓይነት አምፖል በብረቱ ይዤ ገጠምኩ። በጠመኔ አሰመርኩ፤ አምስት ሜትር ለካሁ፤ ብሎኗን እያዞርኩ አራት ጣት ዝቅ አደረግኩ። እቴነሽ ወንበሩን አንስታ ራሷ ተቀመጠችበት። ዓይኗን ሳትከልል እስክታየኝ ድረስ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። በማግስቱ ምርመራውን አለፈች። ከሰኞ ጀምሮም የማለዳ ልጆቿን መልሳ ተረከበች፤ የነገረችኝ ራሷ ደውላ ነው።

ወንበሩ እስካሁን ግድግዳው ጋ ነው። ማንኛውም ደንበኛ መኪናውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ይቀመጥበታል። ሚኪ «ጋሼ፣ መብራቴ አይነካብኝም፤ ጀለሶቼ ምን ይሉኛል?» ይል ነበር። ተቀመጠና አበራሁበት። «ውይ፣ በማርያም አጥፋው!» አለ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህንን ነው። የፊት መብራት የሚገጠመው ለባለ መኪናው ነው፤ የሚስተካከለው ግን ከፊት ለሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ሜትር ተጠቀሙ፤ ከማስረከባችሁ በፊትም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። አምፖል ሁሉ የፈዘዘባችሁ ቀን ደግሞ ወደ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት ዓይናችሁን ታዩ።