ስለ ሐይቁ ድራማ ሳልጽፍላችሁ የቀረሁት

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ድራማና ፊልም ስወቅስ አንብባችሁኛል። አሁን የምጽፈውን ግን እንኳን ለእናንተ ለእናቴም አልነገርኳትም።

የአገራችን ድራማ ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል። ወሎ ሲደርስ ካሜራው ወዲያው ቆንጆ ልጅ ፍለጋ ውሃ ዳር ይወርዳል። ገበሬው ትናንት የተገዛ ጋቢ ለብሶ ያርሳል። ሰው ሊሞት ሲል ማሲንቆው ቀድሞ ያለቅሳል፤ እኛ መቼ ማዘን እንዳለብን የማናውቅ ይመስል። ስለ ጦርነቱ የተሠሩት ደግሞ ይብሳሉ። ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቃል አላነሳም። ችግሩ ይህን የምለው እኔ መሆኔ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደዳችሁልኝ ጽሑፍ ሐይቅ ከተማ ላይ የተቀረጸውን ድራማ ያብጠለጠልኩበት ነው። ድራማው ውስጥ እናት ልጇ ሲቀበር ሻሿን ከራሷ ላይ ጥላ፣ መቃብር ድረስ ሮጣ፣ ሳጥኑ ላይ ትወድቃለች። «የወሎ ሙስሊም በሳጥን ይቀብራል? እናትስ መቃብር ትወርዳለች? ምናለ አንድ የአገሩን ሰው ቢጠይቁ!» ብዬ ጻፍኩ። አጨበጨባችሁልኝ።

ጠይቀው ነበር። የጠየቁት እኔን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጦርነቱ ከተማችንን ከለቀቀ በኋላ የቀረጻ ቡድኑ መጣ። አዘጋጁ ትከሻዬን ይዞ «የኛ አማካሪ» አለኝ፤ ስሜ ድራማው መጨረሻ ላይ እንደሚጻፍም ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ያልነገርኩት ነገር የለም። የጎረቤታችንን የእትዬ ዘይነባን ልጅ፣ የባጃጅ ሾፌሩን የሐሰንን አሟሟት ነገርኩት። በጥይት መመታቱን ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ሰው የማያውቀውንም ጨመርኩለት። ያን ቀን ጠዋት ሐሰን «ዛሬስ መንገዱ አያስተማምንም» ሲል፣ «ዱቄት አልቋል፤ ቶሎ ደርሰህ ና» ብለው የላኩት እናቱ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ይህን ለእናቴ ሲነግሯት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቼ ሰምቻለሁ።

ሲቀበር ምን እንዳደረጉም፣ አብራቸው የቀረችው እናቴ እንዳወራችልኝ፣ ነገርኩት። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲወጡ እሳቸው ግቢ ቀሩ። የሐሰንን ሸሚዝ ከገመድ ላይ አውርደው አጠፉት፤ ገና እርጥብ መሆኑን ሲያዩ ዘርግተው መልሰው ሰቀሉት። አዘጋጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ አያስለቅስም፣ ወንድሜ። እናት መጮኽ አለባት። መቃብሩ ድረስ ሮጣ ሳጥኑ ላይ ብትወድቅስ? ሰው ይከፋዋል?»

«ኧረ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ያምራል» አልኩት።

ያምራል! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጀናዛውን ተሸክሜ የወጣሁት እኔ። ማን አስገደደኝ? ማንም። እንዲወደኝ ፈልጌ ነው።

ድራማው ሲተላለፍ ቤታችን ተቀምጠን አየነው። የዱቄቱ ነገር አለ፤ እናቴ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው የነገሯቸው መሰላት። ሳጥኑም አለ። የእኔ ስም ግን የለም። ወዲያው ስልኬን አንስቼ ያን ጽሑፍ ጻፍኩ። ለእትዬ ዘይነባ የተቆጣሁ መስሏችሁ ነበር አይደል? የተቆጣሁት ስሜን ስላጣሁ ነው። መጨረሻው ላይም «የሟች ቤተሰብ እንዲህ ያለ ምስጢር ለካሜራ ከመስጠቱ በፊት ማሰብ ነበረበት» ብዬ ጨመርኩ። ራሴን ለመደበቅ የጻፍኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ለከተማው በቃችው። «የልጇን ደም ለፊልም ሸጠችው» ተባለ። የሐሰን ሟች አባት ዘመዶች ከውጫሌ ድረስ መጥተው «ለካ አንቺ ነሽ የላክሽው!» እያሉ ግቢያቸው ውስጥ ጮኹባቸው። እትዬ ዘይነባ ገበያ መውጣት ተዉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔን ፈልገው ቤታችን መጡ። እናቴ አልነበረችም።

«ሸጋ አርገህ ትጽፋለህ አሉ። ስለኔም ተቆጥተህ ጽፈሃል አሉኝ፤ አላህ ይስጥህ። እስቲ አንድ ነገር ጨምርልኝ። ዘይነባ አልተናገረችም በልልኝ። ወላሂ፣ ካንተ እናት በቀር ለሰው አውጥቼው አላውቅም።»

«እሺ እትዬ፣ እጽፋለሁ።»

«እሷም አታወጣውም፤ አውቃታለሁ። እንጃ፣ ግድግዳው ይሆን እንዴ የተናገረው?» አሉና ሊስቁ ሞከሩ።

አልጻፍኩም። እሳቸው ካልተናገሩ ማን ተናገረ ትሉኛላችሁና። ይልቅ ስለ ሌላ ድራማ ጻፍኩ፤ ተዋናዮቹ እንባቸውን በግድ ያወጣሉ ብዬ ተሳለቅኩ። እሳቸው ሲጠብቁ ከረሙ። ቀስ በቀስ እኛ ቤት መምጣት ተዉ፤ እናቴ ምን እንዳስቀየመቻቸው እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። አዘጋጁ ሳያውቅ ነው የተሳሳተው፤ እኔ እያወቅኩ ነው። እናንተ ደግሞ ግቢያቸው ድረስ ሄዳችሁ የጮኻችሁ፣ ዱቄት ላለቀበት ቤት ልጅን መላክ ምን ወንጀል አለው? ከእናንተ በላይ ግን የምንቀው ራሴን ነው። ይቅርታን የምለምነው እሳቸውን ፊት ለፊት ቆሜ ነው፤ ቢነፍጉኝም አይፈረድባቸውም። ይህን ጽሑፍ ግን ሐይቅም ውጫሌም ላለ ለምታውቁት ሰው ሁሉ ላኩልኝ።

እትዬ ዘይነባ አልተናገሩም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።