ያልቀረችው ተማሪ

መምህራን ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ወሬያችን ኤፊሸንሲ የሚሉት የሥራ ምዘና ነው። በየመንፈቁ ዳይሬክተሩም ባልደረባም ተማሪም ነጥብ ይሰጠናል። ነጥቡ ከሞላ ደረጃ ይሠራል፣ ደመወዝ ከፍ ይላል፤ ከጎደለ ባሉበት መርገጥ ነው። እኔ ቢቸና ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ሁለት ጊዜ ባለሁበት ረግጫለሁ። ከእኔ ኋላ የተቀጠሩት ሲያልፉኝ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

ከሚመዘነው አንዱ የክፍል ኃላፊነት ነው። ከያዝከው ክፍል ተማሪ ካቋረጠ ይቀነስብሃል። ደንቡ ሲወጣ ለበጎ ነበር፤ ተማሪ አንድ ሳምንት ከቀረ ሪፖርት ታደርጋለህ፣ ሁለት ሦስት መምህራን ቤቱ ድረስ ሄደው ወላጁን ያነጋግራሉ። ስንቱ ልጅ በዚህ ተመልሷል። ግን ሪፖርት ያደረገ ሰው በገዛ እጁ ነጥቡን አስቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የቀረውን እንደተገኘ አድርገን መያዝ ለመድን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሁላችንም ግን እናውቅበት ነበር።

ኅዳር ላይ ከፊተኛው ወንበር አንዲት ልጅ ጠፋች። እጇን ሳታወጣ መልሱን ዘርገፍ የምታደርግ፣ ለዚህም ዘወትር የምቆጣት ጎበዝ ልጅ ነበረች። አምስት ቀን ቀሪ አደረግኋት። በአምስተኛው ቀን አብራት የምትቀመጠውን ብጠይቅ፣ “አባቷ ሞጣ አክስቷ ዘንድ ለሥራ ሊልካት ነው፤ ለጊዜው እቤት ናት” አለችኝ። ነገ ሪፖርት አደርጋለሁ ብዬ አደርኩ። ምዘናው ደግሞ ደርሷል። በማግስቱ ስሟን ሳልጠራ የመገኘት ምልክቷን ብቻ አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ እጄ ለመደ። ዓመቱ ሲያልቅ ሌሎቹ መምህራን ለእኔ ሲሉ ማለፊያ ውጤት ሞሉላት።

ደረጃዬን አገኘሁ። ይባስ ብሎ አንድም ተማሪ ያላቋረጠበት ክፍል ኃላፊ ተብዬ፣ በዓመቱ ሞጣ ለልምድ ልውውጥ ተላክሁ። አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ላይ ሲቆም ሌላው ቁርሱን ሲበላ እኔ የማነበውን ወረቀት አጠና ነበር። አዳራሽ ውስጥ ስለ ተማሪ ክትትል አወራሁ፣ ተጨበጨበልኝ። አፍሬ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ኩራት ነበር የተሰማኝ።

ለምሳ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች ምግብ ቤት ወሰዱን። ማስታጠቢያ ይዛ ወደ እኔ የመጣችው እሷ ነበረች።

“ቲቸር! እርስዎ ነዎት?” አለች፤ ፊቷ በራ።

“እንዴት ነሽ ልጄ?”

“ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የማታ ትምህርት ልመዘገብ ነው፤ አክስቴም እሺ ብላኛለች። ከተማርሽበት ትምህርት ቤት ወረቀት አምጪ አሉኝ እንጂ። ያቋረጠ ሰው ይሰጠዋል እንዴ?”

“ይሰጥሻል። ወረቀትሽ ሙሉ ነው፤ ወደ ስምንተኛ ተዛውረሻል።”

“ሰባተኛን ሳልማር?”

መዋሸት እችል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የኖርኩበት ነው። ግን ዓይኗ ላይ ተስፋ አየሁና አቃተኝ። ያደረግሁትን ነገርኳት። የነገርኳትም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ሲያጨበጭቡልኝ የነበሩት እንዳይሰሙ። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አልተቆጣችም። ቢሆንልኝ ብትቆጣ እወድ ነበር።

“አባቴ እኮ አሥራ አምስት ቀን አቆይቶኝ ነበር” አለች። “ ‘መምህራኑ መጥተው ከለመኑኝ እተውሻለሁ፣ ሰው ፊት እምቢ አልልም’ ብሎኝ። በፊትም ለጎረቤታችን ልጅ መጥታችሁ ወደ ትምህርቷ አስመልሳችኋት የለ? እኔም ዩኒፎርሜን አጥቤ፣ ደብተሬን አዘጋጅቼ በር በሩን ሳይ ሰነበትኩ።”

ውሃውን እጄ ላይ ማፍሰስ ጀመረች።

“ለካ እናንተ ዘንድ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ማን ይምጣልኝ?”

ምሳው ቀረበ፤ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። በሳምንቱ ወረቀቷን አስወጥቼ ራሴው ሞጣ ድረስ ወሰድኩላት። የቀረችበት ቀን በሚለው ቦታ አምስት ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።